ዕብራይስጥ ያስተማሩን የራሳችን ሰዎች፦ ከጎንደር መንደሮች እስከ ዛሬው ክፍል

ዛሬ የምንጽፈው ትንሽ ረዘም ይላል። ቡና ሲፈላ ቁጭ ብላችሁ አንብቡት። ፊደል የምትችሉ ለማይችሉት ጮክ ብላችሁ አንብቡላቸው።

እኛ ማኅበራዊ ሠራተኞች ነን። በሥራችን ምክንያት የወላጅና የአስተማሪ ስብሰባ ላይ ብዙ ጊዜ እንቀመጣለን። በቅርቡ ከአንድ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ጋር እናቱና አያቱ መጥተው ነበር። አስተማሪዋ በዕብራይስጥ ስትናገር ልጁ ለእናቱ ይተረጉማል። እሷ፦ «ልጁ ብሩህ ነው፤ ግን ሁለት ወር ሙሉ የቤት ሥራ አልሠራም፣ ክፍል ውስጥ ይተኛል፣ በጣም አሳስቦኛል» አለች። ልጁ ወደ እናቱ ዞሮ «ጎበዝ ነው፣ ትንሽ ይደክመዋል ትላለች» አለ። እናትም ደስ ብሏት «ቶዳ ረባ» አለች። እኛ ለማረም አፋችንን ስንከፍት አያትየው ከጥግ ሆነው በዓይናቸው ከለከሉን።

ወጥተን ኮሪደሩ ላይ ስንደርስ እጃችንን ያዙና «የተናገረችውን ሁሉ ሰምቻለሁ እኮ። ልጁን በእናቱ ፊት ማዋረድ አልፈለግሁም፣ ማታ ለብቻው እነግረዋለሁ» አሉን። «አባባ፣ ዕብራይስጥ እንዲህ ይችላሉ እንዴ?» ስንላቸው ሳቁ። «ጎንደር እያለሁ ልጆች አስተምርበት ነበር» አሉ። ታዲያ ለምን ዝም አሉ? «ማን ጠየቀኝ?»

ይህ መልስ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከውስጣችን አልወጣም። የልጅ ልጃቸው ትምህርት ቤት ውስጥ አንድ የዕብራይስጥ መምህር ጥግ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ትምህርት ቤቱም አላወቀ፣ እኛም አላወቅን። ስለዚህ የእነዚህን መምህራን ታሪክ መጻፍ አለብን ብለን ተነሣን። ዓመቶቹን የምንጽፈው እዚህ በለመድነው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ከዕብራይስጥ በፊት

አንዳንድ ሰው ስለ እኛ ሲያወራ ትምህርት የጀመርነው አውሮፕላን ላይ ስንወጣ ይመስለዋል። እውነቱ ሌላ ነው። አባቶቻችን ጸሎታቸውንና ኦሪታቸውን የያዙት በግዕዝ ነው። ግዕዝን ደግሞ ማንም ሰው እቤቱ አይነጋገርበትም ነበር። ልጁ ቄስ ወይም ደብተራ ሊሆን ሲፈልግ ዓመታት ከመምህሩ እግር ሥር ተቀምጦ፣ እያዜመና እየደገመ ይማረው ነበር። ከዚያ ቀደም ብሎ ደግሞ በብዙ መንደሮች የቤት ቋንቋው አገውኛ ነበር፤ ቀስ በቀስ አማርኛና ትግርኛ ተተኩ። ስለዚህ የማይነጋገሩበትን ቋንቋ መማር፣ ማክበርና ለልጅ ማስተላለፍ ለእኛ አዲስ ነገር አልነበረም።

አስኳላው ግን ያስፈራ ነበር። በ1860ዎቹ የፕሮቴስታንት ሚሲዮኖች፣ እነ ስተርንና እነ ፍላድ፣ ደምቢያ ጄንዳ ድረስ መጥተው በአማርኛ የታተመ መጽሐፍ ቅዱስ እያደሉ ማስተማር ጀመሩ። ንባቡ መልካም ነበር፣ ዓላማው ግን ሃይማኖት ማስለወጥ ነበር። ለዚያ ነው ብዙ አባቶች «ልጄ ፊደል ከሚቆጥር ሃይማኖቱን ቢይዝ ይሻለኛል» ያሉት። ይህንን ፍርሃት እንደ አላዋቂነት የሚቆጥሩ አሉ። አልነበረም። ቤተሰብ ትምህርት ቤቱን የሚያምነው አስተማሪው ማን እንደሆነና ልጁን ወዴት እንደሚወስደው ሲያውቅ ነው። ይህ ያኔም ዛሬም ያው ነው።

በ1867 እና 68 ጆሴፍ ሃሌቪ የሚባል የፈረንሳይ አይሁዳዊ ሊቅ ወደ መንደሮቻችን መጣ። ነጭ አይሁዳዊ አለ ብለው የማያውቁት አባቶቻችን ማመን አቅቷቸው ነበር። ሃሌቪ ወደ ፓሪስ ሲመለስ የላከውን ማኅበር፣ አሊያንስን፣ «ትምህርት ቤት ክፈቱላቸው» ብሎ ለመነ። ማኅበሩ አልከፈተም። ወደ አርባ ዓመት ገደማ እንዲሁ አለፈ።

ታምራት አማኑኤልና ዮና ቦጋለ

በ1904 የሃሌቪ ተማሪ የነበረው ያዕቆብ ፋይትሎቪች፣ የፖላንድ ሎጅ ከተማ ልጅ፣ ወደ ኢትዮጵያ መጣ። ሲመለስ ሁለት ወጣቶች ይዞ ወደ አውሮፓ ሄደ። አንዱ ታምራት አማኑኤል ነበር፤ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ይማር የነበረ ልጅ ነው። ታምራት በፓሪስ፣ ቀጥሎም በጣሊያን አገር በፍሎረንስ ተማረ። ከብዙ ዓመታት በኋላ ተመልሶ፣ በ1920ዎቹ መጀመሪያ አዲስ አበባ ላይ የተከፈተውን የቤተ እስራኤል ልጆች አዳሪ ትምህርት ቤት መራ። ልጆች ከጎንደር ገጠር በእግር ተጉዘው እዚያ ይደርሱ ነበር። ዕብራይስጥ ከአማርኛና ከሌላው ትምህርት ጋር ይሰጥ ነበር።

ፋይትሎቪች ወደ ሃያ አምስት የሚሆኑ ወጣቶችን ወደ ኢየሩሳሌምና ወደ አውሮፓ ከተሞች ላከ። እስቲ አስቡት፦ ከጎጆ የወጣ ልጅ በአንድ ጊዜ ዕብራይስጥ፣ ጀርመንኛ፣ ፈረንሳይኛ መማር! አንዳንዶቹ በባዕድ አገር በሽታ አገኛቸው፣ ወደ ቤታቸውም አልተመለሱ። የተመለሱት ደግሞ አንዳንዶቹ በመንግሥት ሥራ ከፍ ያለ ቦታ ደረሱ።

ከእነዚህ ልጆች አንዱ በ1908 ወለቃ የተወለዱት ዮና ቦጋለ ነበሩ። ኢየሩሳሌም፣ ፍራንክፈርት፣ ስዊዘርላንድና ፈረንሳይ ተምረው ተመለሱ። ዮና ቦጋለ ለእኛ ምን ሠሩ ብላችሁ ለምትጠይቁ ወጣቶች አንዷን ብቻ እንንገራችሁ፦ የዕብራይስጥና የአማርኛ መዝገበ ቃላት አዘጋጁ። በዓላት የሚውሉበትን የቀን መቁጠሪያ እያወጡ ወደ መንደሮች አሰራጩ፤ ፒርኬ አቮትን ወደ አማርኛ መለሱ። እነዚህ ትናንሽ ነገሮች አይደሉም። መጽሐፍ የሌለው መምህር በቃሉ ብቻ ነው የሚያስተምረው፤ መዝገበ ቃላት ያለው መምህር ግን እሱ ባይኖርም ትምህርቱ ይቀጥላል።

ከዚያ ጣሊያን መጣ። በ1936 አዲስ አበባ ስትያዝ ያ ትምህርት ቤት ተበተነ፣ ታምራትም ተሰደደ። አንድ ትውልድ ሙሉ የተደከመበት ነገር በአንድ ጦርነት ተዘጋ። ይህ የመጀመሪያው መዘጋት ነበር፤ የመጨረሻው አልሆነም።

አስመራና ክፋር ባትያ

እስራኤል መንግሥት ከሆነች በኋላ፣ በ1954 መጀመሪያ ሶኽኑት አስመራ ላይ ለቤተ እስራኤል ወጣቶች ትምህርት ቤት ከፈተ። ዓላማው መምህራን ማፍራት ነበር። እዚያ የተማሩት ወደየመንደራቸው ተመልሰው ዕብራይስጥ፣ ጸሎትና የበዓላት ሥርዓት እንዲያስተምሩ ነው። በ1955 ደግሞ አሥራ ሁለት ልጆች ወደ እስራኤል፣ ራዓናና አጠገብ ወዳለው ክፋር ባትያ ተላኩ። በሚቀጥለው ዓመት አሥራ አምስት ተጨመሩ። ሃያ ሰባት ልጆች ማለት ነው። አንዱ በኋላ ለወገኑ ሲታገል የኖረው ባሩክ ተገኘ ነበር፤ ሲሄድ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበር።

እነዚህ ልጆች ሲሄዱ እናቶቻቸው እንዴት እንዳለቀሱ ሽማግሌዎቻችን ያስታውሳሉ። «ተምረህ ተመለስ» ተብለው ነው የሄዱት። አብዛኞቹም ተመለሱ። የአሥራ ስምንትና የሃያ ዓመት ወጣቶች ሆነው በሣር ቤት ውስጥ፣ ልጆቹን መሬት ወይም ግንድ ላይ አስቀምጠው «አሌፍ፣ ቤት፣ ጊሜል» አሉ።

እዚህ ላይ የሥራቸውን ክብደት ማየት ያስፈልጋል። አንድ ክፍል ውስጥ የስድስት ዓመት ልጅና የአሥራ ስድስት ዓመት እረኛ አብረው ይቀመጣሉ። የእርሻ ጊዜ ሲደርስ ግማሹ ይቀራል። ልጅ ለከብት ያስፈልጋል፣ ሴት ልጅ ለውኃና ለማገዶ ታስፈልጋለች። ወላጅ «ዕብራይስጥ እንጀራ ይሆናል ወይ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ጥያቄው ትክክል ነው። መምህሩ የሚመልሰው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «ኢየሩሳሌም ስንገባ በምን እንነጋገራለን?»

እነዚያ መምህራን የነበራቸው ትልቁ መሣሪያ ግን የራሳቸው ቋንቋ ነበር። «ቤት» ባይት ነው፤ «ዓይን» አይን ነው፤ «ልብ» ሌቭ ነው፤ «ስም» ሼም፣ «ደም» ዳም፣ «ሞት» ማቬት። ግዕዝ የሚያውቅ ቄስ ደግሞ «እዝን» ኦዜን፣ «ማይ» ማይም፣ «ርእስ» ሮሽ መሆኑን ወዲያው ይይዘዋል። አንድ ቋንቋ የሚያውቅ ልጅ ዕብራይስጥን እንደ ዘመድ ይቀበለዋል እንጂ እንደ እንግዳ አይፈራውም። ለዚህ የተለየ ትምህርት ማጥናት አላስፈለጋቸውም፤ ከቤት ያወቁት ነው።

ነገር ግን በ1950ዎቹ መጨረሻ ገንዘቡ ተቀነሰ፣ አብዛኞቹ የመንደር ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ቋንቋ የሚያውቅ ወጣት ሌላ ቦታ ይፈለጋል፤ ስለዚህ ብዙዎቹ መምህራን ወደ ከተማ፣ ወደ መንግሥት መሥሪያ ቤትና ወደ ኩባንያ ሄዱ። ጥፋቱ የእነሱ አይደለም። ደመወዝ የሌለው መምህር ልጆቹን ምን ያብላቸው? እነ ዮና ቦጋለ በጣት የሚቆጠሩትን ትምህርት ቤቶች፣ ከሁሉም በላይ አምቦበርን፣ ከውጭ አገር ወዳጆች በሚያገኙት እርዳታ ይዘው ቆዩ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ የዚያን ጊዜው ድር ግን በጣም ቀጭን ነበር።

ዕብራይስጥ ወንጀል የሆነበት ዘመን

በ1977 ገደማ ኦርት የሚባለው ድርጅት ወደ ጎንደር ገጠር ገባ። ትምህርት ቤትና ክሊኒክ ተሠራ፣ ውኃ ተቆፈረ፣ ለመምህራንም ሥራ ተገኘ። ደስታው ግን አልቆየም። በ1981 መንግሥት ኦርትን አስወጣ። ዕብራይስጥ ማስተማር ተከለከለ፤ መምህራን ታሰሩ፣ ተደበደቡ። ትናንት «ሻሎም ልጆች» ብሎ ክፍል የሚገባው ሰው ዛሬ በዚያች ቃል ይጠየቅባታል። መጽሐፉን መሬት ውስጥ የቀበረ፣ በጎተራ ውስጥ የደበቀ፣ ያቃጠለም አለ። ከእናንተ መካከል ይህን ያየ ስንት ሰው ነው?

ሱዳንን ስናነሣም መምህር እናገኛለን። ወደ እስራኤል የሚወስደውን የሱዳን መንገድ ከከፈቱት ዋናው ፈረደ አክሉም መምህር ነበር። ከካርቱም የላከው መልእክት ነው ቆይቶ ለሺዎች በር የከፈተው። በ1984 መጨረሻና በ1985 መጀመሪያ በዘመቻ ሙሴ ወደ ስምንት ሺህ የሚጠጋ ወገናችን መጣ። ወደ አራት ሺህ የሚሆኑት በመንገድና በመጠለያ ቀሩ፤ ነፍሳቸውን ይማር። ከእነሱ መካከልም መምህራን ነበሩ፣ ተማሪዎችም ነበሩ።

በ1990 እና 91 ደግሞ ከጎንደር የወጣው ሕዝብ አዲስ አበባ ላይ ሲጠብቅ፣ ለሺዎች ልጆች ትምህርት ቤት ተከፈተ። ይህን የምንጽፈው ሰዎች ያኔ ትንንሽ ልጆች ነበርን። ወላጆቻችን ሥራ የላቸው፣ መሬት የላቸው፣ በኪራይ ቤት ታጭቀን ነው። ጠዋት ግን የምንሄድበት ነበረን። የቋንቋ ትምህርት ያኔ ለእኛ ቋንቋ ብቻ አልነበረም፤ ቀኑ ሥርዓት እንዲኖረውና ልጅ መንገድ ላይ እንዳይውል ያደረገ ነገር ነው። በግንቦት 24 እና 25፣ 1991፣ በሠላሳ ስድስት ሰዓት ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰው ሲወጣ፣ ደብተራችን እዚያው ቀረ።

እዚህ ስንደርስ

መርከዝ ክሊታና ካራቫን የኖራችሁ ታስታውሳላችሁ። ነሐል በቃ፣ ሐጽሮት ያሳፍ፣ ጊቭዓት ሀማቶስ። ወላጆች ወደ ኡልፓን፣ ልጆች ወደ ትምህርት ቤት፣ ታላላቆቻችን ወደ ፕኒሚያ። አብዛኞቹ ጎረምሶች በፕኒሚያ ነው ያደጉት፤ በሳምንትና በሁለት ሳምንት አንዴ ወደ ቤት ሲመጡ ከእናታቸው ጋር የሚነጋገሩበት ቃል እያነሰ ሄደ።

ኡልፓን ጥሩ ታሪክ ያለው ነገር ነው። የመጀመሪያው፣ ኡልፓን ዔጽዮን፣ በ1949 ኢየሩሳሌም ላይ ተከፈተ። ሥርዓቱ «ዕብራይስጥን በዕብራይስጥ» ነው፤ ሥሩም ከኤሊዔዘር ቤን ይሁዳና ከዘመኑ መምህራን ይነሣል። እነሱም ያኔ መጽሐፍ አልነበራቸውም፣ ለዕለታዊ ኑሮ የሚሆን ቃል እንኳ አልነበራቸውም፤ ቃሉን እየፈጠሩ ነው ያስተማሩት። በ1903 ዚኽሮን ያዕቆብ ላይ ተሰብስበው የመምህራን ማኅበር አቋቋሙ። በ1913 ሐይፋ ላይ ሊከፈት በነበረው ቴክኒዮን በጀርመንኛ ይማር ሲባል መምህራንና ተማሪዎች ሥራና ትምህርት አቁመው ተቃወሙ፣ ዕብራይስጥም አሸነፈ። እዚህ አገር ቋንቋው የቆመው መምህራን ብቻቸውን ስላልነበሩ ነው፤ ማኅበር፣ ወላጅና ሕዝብ ከኋላቸው ነበር።

ነገር ግን ያ ሥርዓት የተሠራው ፊደል ለሚያውቅ ሰው ነው። የአምሳ ዓመት እናት በሕይወቷ እርሳስ ይዛ የማታውቅ ከሆነ፣ አምስት ወርም አሥር ወርም አይበቃትም። የእኛ ፊደል የተማረውም ሌላ ችግር ገጠመው። በእኛ ፊደል ድምፁ ከፊደሉ ጋር ነው፤ «ሰ» ሰ ነው፣ «ሱ» ሱ ነው። በዕብራይስጥ ግን ሦስት ፊደሎች፣ ሳሜኽ፣ ፔ፣ ሬሽ፣ ተጽፈው ታያላችሁ፦ ሴፌር ነው (መጽሐፍ)? ሳፋር ነው (ቆጠረ)? ሳፓር ነው (ጸጉር ቆራጭ)? ትርጉሙን ሳታውቅ ማንበብ አትችልም። ይህን ያላወቀች አስተማሪ «ሰውዬው ይከብደዋል» ብላ ትጽፋለች። ቤትን ከባይት፣ ልብን ከሌቭ የሚያገናኝላቸው አልነበረም፤ እነዚያ የአምቦበር መምህራን ያውቁት ነበር፣ እነሱ ግን በዚያ ክፍል አልተጠሩም።

ከቋንቋው የበለጠ ደግሞ ወጉ ተለወጠ። እኛ የምናውቀው መምህር ሲገባ ተነሥቶ መቆም፣ ዓይን ዝቅ ማድረግ፣ «እርስዎ» ማለት ነው። እዚህ ልጅ አስተማሪውን በስሙ ይጠራል፤ ዕብራይስጥ «አንተ»ና «አንቺ» እንጂ «አንቱ» የለውም። አንዱ ልጅ በአክብሮት ዓይኑን ዝቅ ሲያደርግ አስተማሪዋ «አይሰማኝም፣ ፈርቷል» አለች። ሌላው ደግሞ የክፍሉን ልማድ ወደ ቤት አምጥቶ አባቱን በስሙ ሲጠራ፣ አባቱ ደነገጠ። ሁለቱም አልተሳሳቱም፣ የተረጎመላቸው ሰው ስላልነበረ ነው እንጂ።

አስተማሪዎቹንም በእውነት እንመልከታቸው። በአንድ ሳምንት ውስጥ ሰላሳ አዲስ ልጅ ክፍሏ የገባባት ወጣት አስተማሪ፣ ስለ እኛ አንድ ገጽ ያላነበበች፣ ምን ታድርግ? አንዳንዷ በትዕግሥት፣ በእጇና በሥዕል አስተማረችን። የእኛን አንዷ ከካራቫን እስከ ትምህርት ቤት በእግሯ እየመጣች ትወስደን ነበር፤ እስከ ዛሬ እንመርቃታለን። ሌላው ግን የመጀመሪያ ቀን ስማችንን ለመጥራት ስለከበደው፣ አባታችንን ሳይጠይቅ በሌላ ስም መዘገበን። ያን ስም ለማውለቅ ብዙ ዓመት ፈጅቶብናል።

የእኛ የድሮ መምህራንስ? የምናውቃቸው ብዙዎቹ በትምህርት ቤት በር የገቡት እንደ መምህር ሳይሆን እንደ አስተርጓሚ፣ ቢበዛ እንደ መጋሼር ነው። ሌሎች ፋብሪካ ገቡ፣ ጥበቃ ሠሩ። ደብዳቤ ከቢቱዋሕ ሌኡሚ ሲመጣ ጎረቤቱ ሁሉ በራቸውን ያንኳኳል፤ በሥራቸው ግን መምህር ብሎ የጠራቸው የለም። አንዳንዶቹ እንደገና ተምረው አስተማሪ ሆነዋል፤ ከእነሱ በኋላም የእኛ ልጆች ዛሬ ጋኔኔት፣ ሞራ፣ የትምህርት ቤት ኃላፊ እየሆኑ ነው። እግዚአብሔር ይመስገን።

የብብታችን

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባላል። ዕብራይስጥን አወረድን፤ ልጆቻችን በዕብራይስጥ ያልማሉ፣ ይቀልዳሉ፣ ይከራከራሉ። አማርኛና ትግርኛ ግን ከብብታችን እየወደቁ ነው። ያኔ «ዕብራይስጥ እንዲገባቸው በቤት አማርኛ አታውሩ» የሚል ምክር የሰጡን ነበሩ። ብዙ ወላጅ ታዘዘ፤ ከልጁ ጋር የሚያወራው በሚያውቀው ትንሽ ዕብራይስጥ ብቻ ሆነ። ታዲያ በትንሽ ቋንቋ ትልቅ ነገር ይነገራል? ምክር፣ ተረት፣ ቁጣ፣ ፍቅር በሙሉ ቃል ነው የሚነገረው።

ኮሮና ሲመጣ ይህ ጉድለት ገሃድ ወጣ። በመጋቢት 2020 ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ትምህርቱ ወደ ስልክና ኮምፒውተር ሲገባ፣ አስተማሪዋ ሳሎናችን ውስጥ ገባች። አምስት ልጅ በአንድ ስልክ፣ እናት ማይክሮፎኑን የት እንደሚከፍት አታውቅ። አንዳንድ አስተማሪዎች ደወሉ፣ ከቤት በር ላይ ወረቀት አስቀመጡ። ሌሎች «ልጁ አልገባም» ብለው ጻፉ። ልዩነቱ የደግነት ብቻ አይመስለንም፤ አስተማሪዋን ከቤተሰቡ ጋር የሚያገናኝ ሰው በነበረበት ቦታ ልጁ አልጠፋም።

ከታሪኩ ምን እንያዝ

ከታምራት ትምህርት ቤት እስከ አምቦበር፣ ከአምቦበር እስከ ካራቫን፣ የሚደጋገም ነገር አለ። መምህሩ ጎበዝ በመሆኑ ብቻ ትምህርት ቤት አልቆመም። ደመወዙ ሲቋረጥ፣ መጽሐፍ ሲያጣ፣ ወላጅ ሲርቀው፣ መንግሥት ሲያስረው ይዘጋል። ሕዝቡ ሲያቅፈው ግን በሣር ቤትም ይቆማል። ዛሬ የልጆቻችን አስተማሪ ደመወዝ አላት፣ ሕንፃ አላት። የሚጎድላት እኛ ነን። እኛም እሷ ትጎድለናለች።

ስለዚህ የምንለምናችሁ ጥቂት ነገር ነው።

ወደ አሲፋት ሆሪም ሂዱ፤ ቋንቋ ባትችሉም ሂዱ። ልጃችሁን አስተርጓሚ አታድርጉት። አስቀድማችሁ አስተርጓሚ ወይም መጋሼር ጠይቁ። ካለመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል። ልጅ ስለ ራሱ ጥፋት እንዲተረጉም ማድረግ ለእሱም ሸክም ነው፤ ይዋሻል፣ ከዚያ በውሸቱ ይጨነቃል።

በቤት በሙሉ ቋንቋችሁ አውሩ። አማርኛ ዕብራይስጥን አይከለክልም፤ የድሮ መምህራኖቻችን በአማርኛና በግዕዝ ተደግፈው ነው ዕብራይስጥን ያስተማሩት። አማርኛን በባግሩት መፈተንም ይቻላል፤ ልጃችሁ ከፍ ያለ ክፍል ሲደርስ ጠይቁ።

አስተማሪዋ ጥሩ ስትሠራ ንገሯት። ሁላችንም የምንደውለው ስንናደድ ብቻ ነው። አንድ «ይክፈልሽ»፣ አንድ ዳቦ ለሲግድ፣ በዚያ ክፍል ለሚቀመጠው ልጃችሁ የሚሠራውን እኛ በዓይናችን አይተናል።

ለሽማግሌዎቻችን ደግሞ፦ ማን ዕብራይስጥ አስተማራችሁ? በየትኛው መንደር? ምን መጽሐፍ ነበረው? ስማቸውን ለልጅ ልጆቻችሁ ንገሯቸው፣ አስጽፉ። ራሳችሁ መምህር ከነበራችሁ ለትምህርት ቤቱ አሳውቁ፤ ዝም አትበሉ። እኛም ከእንግዲህ መጠየቅ እንለምዳለን።

ያ አባባ ማታ ለልጁ ነገሩት። በሚቀጥለው ስብሰባ ልጁ ራሱ አስተማሪዋን «ሳባ ሼሊ ሀያ ሞሬ ለዒቭሪት» አላት፤ አያቴ የዕብራይስጥ መምህር ነበር ማለቱ ነው። እሷም ከወንበሯ ተነሥታ እጃቸውን ጨበጠች። እሳቸውም ቀስ ብለው፣ ከአርባ ዓመት በላይ በክፍል ውስጥ ባልተናገሩበት ዕብራይስጥ፣ «ሻሎም ሀሞራ» አሏት።

እግዚአብሔር ለመምህሮቻችን ሁሉ ዋጋቸውን ይክፈል። ያለፉትን ነፍስ ይማር፣ ያሉትን ዕድሜ ይስጥልን። ሻሎም ሁኑ።